ነጋዴ ቤቱን ሲያድስ የንግዱን ሥርዓት አይርሳ

ከአንድ የምክር ቤቱ አባል

ነጋዴ አንድ ጥቅል ጨርቅ ሲገዛ ወርዱንና ርዝመቱን ይለካል፤ ቀለሙን ወደ ብርሃን አውጥቶ ያያል፤ ዋጋውን ከሁለትና ከሦስት ሻጮች ዘንድ ይጠይቃል፤ ደረሰኙንም ሳይቀበል ገንዘቡን አይለቅም። ዕቃውን ከውጭ አገር የሚያስመጣ እንደ ሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ከዚህ ይበልጣል። አስቀድሞ ፕሮፎርማ ያስልካል፤ በባንክ በኩል ሌተር ኦፍ ክሬዲት ይከፍታል፤ የጭነቱ ሰነድ ተሟልቶ ሳይቀርብ ለሻጩ አንድ ሳንቲም እንዲከፈል አይፈቅድም። ይህ ሁሉ ከክፉ ጥርጣሬ የመጣ አይደለም። ንግድ በሥርዓት እንጂ በምኞት እንደማይቆም ከረዥም ልምድ የተገኘ ዕውቀት ነው።

ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን የገዛ ቤቱን ወይም ሱቁን ለማደስ በተነሣ ጊዜ ሌላ ሰው ይሆናል። ዘመድ ያመለከተውን ሥራ ተቋራጭ ይጠራል፤ በግቢው መካከል ቆሞ «ይህን ግድግዳ አፍርስልኝ፤ ያንን መስኮት አስፋልኝ» እያለ በጣቱ ያሳየዋል፤ «ምን ያህል ይፈጃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ በአፍ የተነገረውንም ቁጥር በልቡ ይዞ የገንዘቡን እኩሌታ በዚያው ሳምንት ቆጥሮ ይሰጣል። ለአንድ ጥቅል ጨርቅ ያላደረገውን ለዕድሜ ልክ ጥሪቱ ያደርገዋል ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔ ራሴ ያደረግሁት ስለ ሆነ ነው። በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ከጀርባው መኖሪያ የሆነውን አሮጌ ቤቴን ለማሳደስ ከአንድ ሥራ ተቋራጭ ጋር በቃል ተስማማሁ። ሥራው በስድስት ሳምንት እንደሚያልቅ ተነገረኝ፤ እኔም ክረምቱ ሳይጠና እንጨርሳለን ብዬ የዋጋውን እኩሌታ አስቀድሜ ከፈልሁ። ጣራው ተነሥቶ ልስኑ በተላጠ ጊዜ ግን ከውስጥ ያለው የጭቃ ግድግዳ ማገርና ምሰሶው በእርጥበትና በምስጥ የተበላ ሆኖ ተገኘ። ይህን በግምታችን ውስጥ አላስገባነውም ነበር። በዚህ ላይ እኔ ሐሳቤን ሦስት ጊዜ ለወጥሁ፤ መጀመሪያ መስኮቱን አሰፋሁ፤ ቀጥሎ አንድ ዕቃ ቤት አስጨመርሁ፤ በመጨረሻም የአገር ውስጡን ሴራሚክ ትቼ ከውጭ የመጣውን መረጥሁ። በእያንዳንዱም ጊዜ «ስንት ይጨምራል?» ብዬ አልጠየቅሁም፤ እርሱም አልነገረኝም።

ወዲያው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የሴራሚኩ፣ የቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውና የአሉሚኒየሙ ዋጋ ምን እንደ ሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መንገር አያሻም። ሥራ ተቋራጩ ጭማሪ ጠየቀ፤ እኔ «ተስማምተናል» አልሁ፤ እርሱም «የተስማማነው ለዚህ ሥራ አይደለም» አለ። ሁለታችንም እውነት ነበረን። በአንድ ቅዳሜ እርሱ ቀረና ደመወዛቸውን ያላገኙ የቀን ሠራተኞች በደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ስድስት ሳምንት የተባለው ሥራ አምስት ወር ፈጀ፤ ሱቄም በዚህ ጊዜ ሁሉ ተዘግቶ ስለ ነበር ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ዘንድ ሄደው ቀሩ።

ነገሩን ያዩልን ዘንድ የተቀመጡት ሽማግሌዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ውላችሁ የት አለ?» የሚል ነበር። ሁለታችንም ዝም አልን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ምሳሌ ለልጆቼ ስንት ጊዜ እንደ ነገርኋቸው በዚያች ሰዓት ትዝ አለኝ።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ አንድ ነው። ነጋዴ ቤቱን ሲያድስ አዲስ ጥበብ መማር አያስፈልገውም፤ በየቀኑ በንግዱ ላይ የሚሠራበትን ሥርዓት ወደ ግንባታው ቢያመጣ ይበቃዋል። ይህም ሥርዓት ሁለት ወገን ያለው መሆኑ አይዘንጋ፤ ገዢውን እንደሚጠብቅ ሁሉ ሻጩንም ይጠብቃል።

በመጀመሪያ ስለ በጀት እናስብ። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው እንዲሉ፣ ብዙ ሰው ከመነሻው የሚሳሳተው በእጁ ያለውን ገንዘብ ሁሉ የሥራው ዋጋ አድርጎ ስለሚቈጥር ነው። ለምሳሌ ያህል 1,000,000 ብር ያዘጋጀ ሰው የ1,000,000 ብር ሥራ ማዘዝ አይችልም። ሥራ ተቋራጩ ለዕቃና ለጉልበት ያቀረበው ዋጋ ታክስን ሳይጨምር 700,000 ብር ነው እንበል። 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ 105,000 ብር ይሆናል። ለመጠባበቂያ ከሥራው ዋጋ 15 በመቶ ቢያዝ ሌላ 105,000 ብር ነው። ለፕላን፣ ለፈቃድና ሥራውን ለሚቈጣጠር ባለሙያ 50,000 ብር፣ ዕቃን ለማጓጓዝና ለጊዜያዊ መጋዘን ኪራይ 40,000 ብር ቢመደብ ድምሩ 1,000,000 ብር ይሞላል። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ የተሰጡ ናቸው፤ እንደ ሥራው ዐይነትና እንደ ሰፈሩ ይለያያሉ። ትምህርቱ ግን አይለወጥም፤ አንድ ሚሊዮን ያለው ሰው የሰባት መቶ ሺህ ሥራ ይዘዝ።

መጠባበቂያውን እንደ ትርፍ ገንዘብ አድርጎ የሚያይ ሰው አለ። አሮጌ ቤት ግን የተዘጋ ሣጥን ነው፤ ውስጡ ያለው ሳይከፈት አይታወቅም። በተለይም በከተማችን ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው በላያቸው በሲሚንቶ የተለሰኑ ስለ ሆኑ፣ ግድግዳው ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል። ለእንደዚህ ያለ ቤት 15 በመቶ እንኳ የሚያንስበት ጊዜ አለ። ብልህ ሰው ሙሉ ዋጋ ከመዋዋሉ በፊት ጥቂት ገንዘብ አውጥቶ በሁለትና በሦስት ቦታ ልስኑን አስልጦ፣ የምሰሶውን እግርና የጣራውን እንጨት ያስመረምራል። ነጋዴ ከኬሻው ውስጥ በመርፌ ቡና ስቦ አይቶ እንደሚገዛ ማለት ነው።

ባለሱቅ የሆነ ደግሞ ሌላ አንድ ወጪ አለበት፤ ይኸውም የተዘጋው በር ነው። ሱቁ ተዘግቶ በሚቆይበት ጊዜ የሚቀረው ትርፍ፣ የማይቋረጠው የሠራተኛ ደመወዝና ኪራይ በበጀቱ መዝገብ ላይ በግልጥ ይጻፍ። ይህ ቁጥር ሲታይ ብዙ ሰው ሥራውን በሁለት ከፍሎ ግማሹን ሱቅ ክፍት አድርጎ ማደስ እንደሚሻል ይገባዋል። የጣራ ሥራም ከመስከረም በኋላ ቢጀመር እንጂ እንደ እኔ በግንቦት መጨረሻ ተነሥቶ ሰኔን መጋፈጥ አይገባም።

ቀጥሎ ዋጋ መጠየቅ ነው። ከሦስት ሥራ ተቋራጮች ዋጋ መጠየቅ የሚጠቅመው ሦስቱም ስለ አንድ ሥራ የመለሱ እንደ ሆነ ብቻ ነው። አንዱ ልስንና ቀለም ጨምሮ፣ ሁለተኛው ቀለሙን ትቶ፣ ሦስተኛው የእጅ ዋጋ ብቻ ቢናገሩ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ጤፍን ከጨው ጋር ማመዛዘን ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሥራው ዝርዝር በወረቀት ይጻፍ፤ ስንት ካሬ ሜትር ግድግዳ፣ ስንት ካሬ ሜትር ወለል፣ ስንት በርና መስኮት፣ የዕቃው ዐይነትና ደረጃ ምን እንደ ሆነ ይገለጥ። ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ዋጋ ቢያቀርብ ደስ ከመሰኘት በፊት የረሳው ነገር እንዳለ መጠየቅ ይገባል። ከዋጋው በታች የሚሸጥ ሰው ጉድለቱን የሚሞላው ከሲሚንቶው ወይም ከደመወዙ ነውና።

ባለቤቱ ጥቂት መለኪያዎችን ቢያውቅ ራሱን ከመታለል፣ ሥራ ተቋራጩንም በከንቱ ከመታማት ያድናል። ፊቱ 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 12 ወይም 13 ገደማ ይገባል። 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ፌሮ በሜትር 0.89 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ የ12 ሜትሩ ዘንግ 10.7 ኪሎ ግራም ገደማ መሆን አለበት፤ በሚዛን ላይ በብዙ ያነሰ እንደ ሆነ ውፍረቱ የተባለው አይደለም። ሴራሚክ ሲገዛ ለሚቈረጠውና ለሚሰበረው ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨመራል። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ሊጠጣ ይገባዋል፤ የጥንካሬው መጠንም የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። እንግዲህ ባለቤቱ «ቶሎ በል» እያለ የሚያዋክብ ከሆነ የሚያበላሸው የራሱን ቤት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ውሉ እንመጣለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ ነጋዴ ሊያውቃቸው የሚገቡ ድንጋጌዎች አሉት። ከእነርሱም አንዱ ስለ ቀብድ የሚናገረው አንቀጽ 1885 ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚሰጠው ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ ከዋጋው የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ የሚለው በውሉ ላይ በስሙ ይጠራ። ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ክርክር ያመጣል።

ሁለተኛው አንቀጽ 1764 ነው። ውሉን መፈጸም ተዋዋዩ ካሰበው ይልቅ ከባድ ቢሆንበት እንኳ ውሉ እንደጸና ይኖራል ይላል። እንግዲህ የዕቃ ዋጋ በድንገት የጨመረ እንደ ሆነ ጭማሪውን ማን እንደሚሸከም አስቀድሞ ያልተጻፈ ከሆነ፣ ሕጉ ለሥራ ተቋራጩ ቶሎ አይደርስለትም። ባለቤቱም በዚህ አይደሰት፤ ኪሳራ የገባ ሥራ ተቋራጭ ሕጉን አንብቦ ሥራውን አይፈጽምም፤ መሣሪያውን ጭኖ ይሄዳል። የሚሻለው፣ ከውጭ የሚመጡት ዕቃዎች ተለይተው ተጽፈው፣ ዋጋቸው ከተወሰነ መጠን በላይ ቢጨምር ልዩነቱ እንዴት እንደሚካፈል በውሉ ውስጥ መስማማት ነው። እኛ አስመጪዎችና ጅምላ ሻጮች ከደንበኞቻችን ጋር ይህን ሁልጊዜ እናደርገዋለን።

ሦስተኛው አንቀጽ 3039 ሲሆን፣ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ሥራ የሠራ ተቋራጭ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል። ይህ ታላቅ መብት ነው፤ ነገር ግን ሥራውን ማን እንደ ሠራውና መቼ እንዳስረከበው የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ሰው በምን ያስረዳል? ስለዚህ ውሉ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረም፤ ርክክቡም እንዲሁ ቀኑ ተጽፎ ይፈረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ እርሱም አከፋፈሉ ነው። ሌተር ኦፍ ክሬዲት ለምን ተፈለሰፈ? ገዢው አስቀድሞ ቢከፍል ዕቃው ይቀርብኛል ብሎ ይፈራል፤ ሻጩም አስቀድሞ ቢልክ ገንዘቡ ይቀርብኛል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ በመካከል ሰነድ ቆመ፤ ሰነዱ ሲቀርብ ክፍያው ይፈጸማል። ለቤት ሥራም ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ሥራው በአራትና በአምስት ደረጃ ይከፈል፤ ለምሳሌ ማፍረስና መሠረት፣ ግድግዳና ጣራ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር፣ ልስንና ወለል፣ ቀለምና ማጠናቀቂያ እየተባለ ይለይ። ለመነሻ የሚሆን መጠነኛ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጥ፤ የቀረው እያንዳንዱ ደረጃ ተለክቶ በተፈረመ ጊዜ ይከፈል። ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህሉ ደግሞ አንድ ክረምት እስኪያልፍ በመያዣነት ይቈይ። የጣራንና የፍሳሽ መውረጃን ሥራ እንደ ሐምሌ ዝናብ የሚፈትነው ዳኛ የለምና።

ነገር ግን ሌተር ኦፍ ክሬዲት ባንኩን ሰነዱ በተሟላበት ጊዜ ያለ ማመንታት እንዲከፍል ያስገድደዋል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምናጎድለው። ግድግዳው ተለክቶ ካለቀ በኋላ «ነገ ና»፣ «ሰኞ ዕቃ ይሸጥልኛል» እያልን የምናመላልስ ጥቂቶች አይደለንም። ሥራ ተቋራጩ የሚጠብቀው ትርፉን ብቻ አይደለም፤ ከበስተኋላው የሳምንቱን ወይም የአሥራ አምስት ቀኑን ደመወዝ የሚጠብቁ ግንበኛ፣ አናጢና ጭቃ አቀባይ አሉ። እኛ ሦስት ቀን ስናዘገይ በእነርሱ ቤት ሦስት ቀን ምድጃ ላይነድ ይችላል። ጥሩው ግንበኛ በሰዓቱ ወደሚከፍለው ሰው ይሄዳል፤ ለእኛ የሚቀረው ሌላ ያልፈለገው ነው። እንግዲህ በሰዓቱ መክፈል ምጽዋት አይደለም፤ ጥሩ እጅ የሚገዛበት ዋጋ ነው።

ስለ ለውጥም እንዲሁ ነው። በሥራ መካከል አሳብ መለወጥ የባለቤቱ መብት መሆኑን ማንም አይክድም። ለውጡ ግን ምን እንደ ሆነ፣ ስንት ብርና ስንት ቀን እንደሚጨምር በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁለቱም ካልፈረሙበት በቀር አይጀመር። ይህች ወረቀት ሁለት ጥቅም አላት። አንደኛ፣ ክርክር ታስቀራለች። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ዋጋውን በዓይኑ ሲያይ ከሦስቱ ለውጦች ሁለቱን ራሱ ይተዋቸዋል። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ የአገር ውስጡ ሴራሚክ ዛሬ በወለሌ ላይ ይገኝ ነበር፤ ማንም ደንበኛ በወለሌ ምክንያት አይቀርብኝም ነበር።

አንዳንድ ወዳጆች «ይህ ሁሉ ለትልቅ ሕንፃ ነው፤ ለትንሽ ሱቅ ወረቀት ማብዛት ሰውን መጠራጠር ይሆናል» ይላሉ። ይህን አሳብ አልንቀውም፤ በአገራችን ቃል ትልቅ ነገር ነው፤ ታማኝ ግንበኛም ሞልቷል። ሆኖም ወረቀት የሚያስፈልገው ለሌባ ብቻ አይደለም። እኔና የተጣላሁት ሥራ ተቋራጭ ሁለታችንም ሌቦች አልነበርንም። የተጣላነው እያንዳንዳችን የሰማነው ቃል የተለያየ ስለ ነበር ነው። ውል የታማኞችን ወዳጅነት ይጠብቃል፤ ከክፉ ሰው ጋር ለገባ ግን ውሉም ብዙ አይረዳውም።

በመጨረሻ ለምክር ቤታችን አንድ አሳብ ላቅርብ። አባሎቻችን በየዓመቱ ሱቅ፣ መጋዘንና መኖሪያ ያሳድሳሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከባዶ ወረቀት ይጀምራሉ። ምክር ቤቱ ከሕግ ዐዋቂዎችና ከሥራ ተቋራጮች ማኅበራት ጋር ተመካክሮ፣ ከሦስትና ከአራት ገጽ የማይበልጥ፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ የአነስተኛ እድሳት ውል ናሙና ቢያዘጋጅ፣ ከእርሱም ጋር የሥራ ዝርዝርና የለውጥ ማስፈረሚያ ቅጽ ቢያያይዝ ጥቅሙ ታላቅ ይሆናል። በውሉም ውስጥ አለመግባባት የተነሣ እንደ ሆነ ነገሩ በግልግል ዳኝነት እንዲታይ የሚል አንድ አንቀጽ ይግባበት። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ለዚህ መንገዱን ከፍቶታል፤ በአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤትም ለንግድ ክርክሮች የተቋቋመ የግልግል ተቋም አለ። ናሙናው ሲዘጋጅ ሥራ ተቋራጮቹ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸውን አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ባለቤቶች ለብቻቸው የጻፉት ውል የባለቤቶች ጋሻ ብቻ ይሆናልና።

የእኔ ጉዳይ በሽማግሌዎች አለቀ፤ ጉዳቱን ተካፈልን፤ የሠራተኞቹም ደመወዝ ተከፈለ። ባለፈው ዓመት መጋዘኔን ማሳደስ ባስፈለገኝ ጊዜ የጠራሁት ያንኑ ሥራ ተቋራጭ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ሥራው በዝርዝር ተጽፎ፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ተፈራርመን፣ ክፍያውን በአራት ደረጃ ከፍለን ጀመርን። የመጨረሻዋ 5 በመቶ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ተከፈለች፤ ጣራውም አንዲት ጠብታ አላስገባም።